በአዋሽ ገደል የቆሙ ሽማግሌዎች

ማን የት እንደቆመ አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ እንዳያከራክረን። ከወንዙ ዳር፣ ከግራሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ አቶ ሺበሺ ተቀምጠዋል። ከሁላችን የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የልጅቷ አባት ስለሆኑ መብታቸው ነው። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ የክትፎውን ዕቃ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል። ልጃቸው ቅድስት ከእናቷ ትከሻ ጀርባ ናት፤ ፊቷን በሻርፕ ስለሸፈነች ታልቅስ ትሳቅ አይታወቅም። በወዲህ በኩል፣ ፀሐዩ ላይ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ በሙሉ ልብስና በከረባት ቀጥ ብለዋል። በቀኛቸው የሚኒባሳችን ሾፌር ቶማስ፣ በግራቸው የፓርኩ ጥበቃ አሊ ከነጠመንጃው። እነዚህ ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሊያገባ ያሰበው ያሬድ፣ ሟች እህቴ ትታልኝ ሄዳ ያሳደግኩት ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። እኔ ከሁሉም ኋላ ዣንጥላ ይዤ፣ አንድ እግሬን ጠጠር ላይ አንዱን አሸዋ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

ከበላያችን ገደል ነው። ከበታቻችን ውሃው ውስጥ አዞ አለ ተብለናል። ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ያረጀሁ ሴት እዚህ ምን አመጣኝ ብትሉ፣ ያመጣኝ አንድ ቃል ነው።

ያሬድ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «እትዬ፣ የፊታችን እሁድ ከነቅድስት ቤተሰብ ጋር ሀይኪንግ እንሄዳለን። ቤተሰብ ከቤተሰብ ይተዋወቅ ብለን ነው። ፕሮቶኮል የለውም፣ ዘና ማለት ብቻ» አለኝ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ኪንግ ንጉሥ መሆኑን አላጣውም። «ሃይ» ደግሞ ከፍ ያለ ማለት ነው። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው አዲስ የተከፈተ ሆቴል ሆኑልኝ። ስሙን ሰምቼው አለማወቄም አልገረመኝም፤ በዛሬው ፒያሳ ትናንት የነበረ ቤት ዛሬ የለም፣ ትናንት ያልነበረ ደግሞ ዛሬ አምፖል ለብሶ ይታያል። የሰው መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። ሰው የሚሳሳተው ባለማወቁ አይደለም፤ ጠይቆ እንደሚያውቅ እያወቀ ባለመጠየቁ ነው።

ሆቴል ነው ብዬ ካመንኩ በኋላ የቀረው ሁሉ በራሱ መጣ። ጥልፍ ያለው ቀሚሴን አወጣሁ። ለሠርግና ለክርስትና ብቻ የማደርገውን ባለ ታኮ ጫማ ጠረግኩ። ሆቴል ውስጥ ብርድ ይለቁበታል ሲሉ ስለሰማሁ ጋቢ ጨመርኩ። ከሁሉም የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ያለ ሽማግሌ አያምርም ብዬ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

ጋሽ ደምሴን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አትክልት ተራ ካሉት ጋብቻዎች ግማሹን ያስማሙት እሳቸው ናቸው፤ የቀረው ግማሽ ተጠልፎ ነው ይላሉ። ሽምግልና ሲባሉ የታመመ ጉልበታቸው ይድናል። «በሥርዓት ከሆነ እመጣለሁ» አሉኝ። በሥርዓት ማለት ምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ሽማግሌ ደጅ ሲደርስ «ግቡ» ሲሉት ይገባል፤ «ተቀመጡ» ሲሉት ግን አይቀመጥም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። እሺ እስኪባል እህል ውሃ አይቀምስም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ደግሞ ልጁ የከበደችበት ይመስላል፤ ስለዚህ «ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ» ይባላል። ይኬዳል፣ ይመጣል። በሦስተኛው አባትየው እውነተኛውን «ተቀመጡ» ይላል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ወንበር ይነካል፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መናገር አለብኝ። አቶ ሺበሺ ያሬድን አልጠሉትም። ጫማ ቤታቸው ሲሄድ «ና ልጄ» ነው የሚሉት። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። የምንኖርበት ግቢ ሊፈርስ ነው፤ ለእኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶኛል። ያሬድ ለቅድስት፣ «እትዬ ያለችበት ነው የምኖረው» ብሏታል። እሷም ለአባቷ ነግራለች። አባትየውም፣ «ልጄን የምድረው ለባል ነው ለአክስት?» ብለዋል። ይህን የሰማሁት በሰው በሰው ነው፤ አራዳ ግድግዳው ቢፈርስ ወሬው አይፈርስም። በእኔ ፊት ግን አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም። በእኔ ፊት የሚወራው ስለ አየሩ ነው።

እሁድ ማለዳ ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሽ ደምሴ ሲገቡ ከአቶ ሺበሺ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጉልበት ለጉልበት ገጠሙ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ ጋሽ ደምሴ ያደረጉት ጫማ ራሱ ከአቶ ሺበሺ ሱቅ የተገዛ ነው። ሆኖም ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር ከሴቷ አባት ጋር አይጫወትም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አቶ ሺበሺም ገባቸውና በሌላው መስኮት ማየት ጀመሩ።

ቶማስ ከመሪው ላይ ሆኖ በመስታወት አያቸው። «ምንድነው ፋዘሮቹ? ተኳርፋችኋል እንዴ?»

«አንነጋገርም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ምን ተደራረጋችሁ?»

«ገና ምንም። ለሽምግልና ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጡ? ሽማግሌ አይቀመጥ!»

ቶማስ ሲቀልድ ነው። የአራዳ ሾፌር ሳይቀልድ ማርሽ አይቀይርም። ጋሽ ደምሴ ግን ነገሩን እስከ ሞጆ ከልባቸው አሰቡበት። ከዚያ፣ «መኪና ላይ መቀመጥ መቀመጥ አይደለም፤ መጫን ነው» ብለው ፈረዱ።

አዳማ ለቁርስ ወረድን። ሁሉም ተቀምጦ ሲበላ ጋሽ ደምሴ ከባንኮኒው አጠገብ ቆሙ፤ ማኪያቶ ቀርቦላቸው በዓይናቸው አሰናበቱት። አስተናጋጇ ወንበር ብታመጣ «እሺ እስክንባል» አሏት። ምስኪኗ ልጅ ሄዳ አለቃዋን ይዛ መጣች። እኔም የወንድ ወገን ስለሆንኩ ብበላ ነውር መሰለኝና ፓስቲዬን በናፕኪን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እርቦኝ ነበር።

ከወለንጭቲ በኋላ አገሩ ተለወጠ። ዛፉ አጠረ፣ እሾሁ ረዘመ። መሬቱ ከሰል የተደፋበት ይመስል ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ። አቧራው ቀጥ ብሎ ተነስቶ እየተሽከረከረ ብቻውን መንገድ ይሻገራል። ግመሎች መንገዱ መሐል ቆመው እኛን ሽቅብ ቁልቁል ያዩናል፤ ቶማስ ጥሩንባ ቢነፋም፣ እነሱም ሽማግሌ ናቸው መሰል፣ አልተነቃነቁም። ጋቢዬን እግሬ ሥር ጣልኩት። «ይህ ሆቴል በጣም ሩቅ ነው» ብዬ አሰብኩ። አሁንም አልጠየቅኩም።

ፓርኩ በር ላይ አሊ የሚባለው ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ገብቶ አጠገቤ ሲቀመጥ ግን አልቻልኩም።

«ያሬድ፣ ሆቴሉ የት ነው?»

«የቱ ሆቴል እትዬ?»

«ሀይኪንጉ።»

ቀድሞ የፈነዳው ቶማስ ነው። «ማዘር! ሀይኪንግ እኮ በእግር ነው! ገደል መውረድ ነው!»

«ገደል ግቢ» ሲባል እርግማን እንጂ ግብዣ መሆኑን ሰምቼ አላውቅም። ሥራዬ ብለው ይህን የሚያደርጉ ወጣቶች አሉ አሉ፤ የሚተዋወቁትም እዚያው ነው። ያሬድና ቅድስትም ተራራ ላይ ነው የተገናኙት። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር።

መኪናው ከገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ወርደው ቁልቁል አዩ። ይመለሳሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሳቸው ግን የጨነቃቸው የገደሉ ጥልቀት አልነበረም።

«ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። ሦስት መሆን አለብን።»

«ሁለቱ የት ቀሩ?» አልኳቸው።

«በአንድ ሚኒባስ ይሄዳል ስትይኝ ቦታ ይጠባል ብዬ ተውኳቸው። ቶማስ፣ ና እዚህ። ስንት ዓመትህ ነው?»

«ፋዘር፣ እኔ ሚስት የለኝ፣ ማን ሽማግሌ ብሎኝ?»

«ቆመህ ዝም ማለት ትችላለህ?»

«ዝም የሚለውን አልችልም።»

«መቆሙ ይበቃል። ወንድሜ፣ አንተስ?» አሉ ወደ አሊ ዞረው።

አሊ ነገሩ ሲነገረው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። «መቆም ሥራዬ ነው» አለ። ሦስት ሞሉ።

አወራረዳችንን አላወራም። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በያሬድ አንድ እጅ ተይዤ፣ እንደ ጆንያ ወረድኩ። ታች ስንደርስ አቶ ሺበሺ ጨዋ ሰው ናቸውና ነገሩ ገባቸው። ግራሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ጠርገው ተቀመጡና፣ «እንግዲህ ይህ ቤቴ ይሁን። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ድምፃቸው ከገደሉ ጋር እየተጋጨ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ እህል ውሃ አንቀምስም!»

ይህ ንግግር ፒያሳ ላይ ወግ ነው። በረሃ ላይ ግን ራስን የመግደል ዛቻ ይመስላል። ቶማስ የላስቲክ ውሃውን ሊከፍት ጀምሮ ነበር፤ በጋሽ ደምሴ ዓይን ቀዘቀዘ። «ፋዘር፣ እህሉን ልተው፤ ውሃው ግን…» ቢል «ቁም!» ተባለ።

ጋሽ ደምሴ ዘር ቆጥረው፣ ልጁን አሞግሰው፣ ልጅቷን ጠየቁ። አቶ ሺበሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌ ክቡር ነው። ግን ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ልመና ነው ትእዛዝ?»

«ይህ ለአውሬ ነው» አለ አሊ።

«እኔስ ምን እንደሆንኩ በምን ታውቃለህ?»

አሊ ሳቀ። ሁላችንም ልንስቅ ስንል ጋሽ ደምሴ ዞረው አዩን። አቶ ሺበሺም ወግ ነውና ቀጠሉ። «ዘመድ አለ፣ ማማከር አለብን። ለዛሬ ተመለሱ፤ በሌላ ቀን ኑ።»

ጋሽ ደምሴ የጠበቁት ይህንን ነበር። ግን ቤንዚኑን አሰቡ፣ ፀሐዩን አዩ። «አቶ ሺበሺ፣ ይህንን መንገድ ሦስት ጊዜ ከፒያሳ አንመላለሰውም። እዚያ ላይ መኪናው ጋ ደርሰን ስንመለስ ሌላ ቀን ይባልልን።»

አቶ ሺበሺ፣ «ይሁን፤ መልካም መንገድ» አሉ።

መልካም መንገድ! እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥላ ሥር የምቀር መስሎኝ ነበር። «የወንድ ወገን እዚህ ቀርቶ ምክር ሊሰማ ነው?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀኝ ታኮዬ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። ከላይ ስንደርስ ቶማስ ከመኪናው ፒንሳ አምጥቶ ግራውንም ነቀለልኝ። «ይኸው ማዘር፣ አሁን እኩል ሆኑ። ሀይኪንግ ማለት ይህ ነው።» እኩልስ ሆኑ። ታኮ የሌለው ባለ ታኮ ጫማ ግን አፍንጫው ወደ ሰማይ ነው የሚያየው፤ እግሬ እየጸለየ እንደገና ወረድኩ።

«እንዴት ሰነበታችሁ?» አሉ አቶ ሺበሺ፣ ከድንጋያቸው ሳይነሡ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና ሰነበተ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ላባቸው ከከረባታቸው እየተንጠባጠበ።

«ደህና ነን። አጎቷን ልናማክር ሞክረን ነበር፤ እሱ ወልቂጤ ነው፣ እዚህ ኔትዎርክ የለም።»

ቅድስት ከእናቷ ኋላ፣ «አባዬ፣ አጎቴ ባለፈው እሺ ብሎኛል እኮ!» አለች።

«አንቺ ዝም በይ። አንቺ እዚህ የለሽም።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ በማርያም፣ ሰዉ በረሃብ አለቀ! ክትፎው ለብለብ ነው፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ እጄ ላይ ሊበስል ነው። ትንሽ ቅመሱ!»

«አንቀምስም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከክትፎው ጋር ያመጡትን ቆጮ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ክትፎውን ሊያሳዩ ክዳኑን ከፈት አደረጉ። ከገደሉ ላይ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ሲመለከተን ቆይቶ ነበር። ዝንጀሮ ሽማግሌ አይደለም፤ ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ፣ ቅመስ ሳይባል ቀመሰ። ቆጮውን በሙሉ በብብቱ ይዞ ሲወጣ አሊ ጠመንጃውን ቢያነሳ አቶ ሺበሺ፣ «ተወው፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ አክብሮናል» አሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ስድብ ዋጡት። ከጠዋት ጀምሮ የዋጡት እሱን ብቻ ነው። እንደገና ተሰናበትን፣ እንደገና ወጣን።

በሦስተኛው ስንመለስ ጥላው ወደ ወንዙ ዞሮ ነበር። በመጀመሪያ እንደነገርኳችሁ አድርገን ቆምን።

«እንዴት ከረማችሁ?» አሉ አቶ ሺበሺ።

«ተጠብሰን ከረምን ፋዘር» አለ ቶማስ።

አሊ ሰማዩን አየ። «በሩ ሊዘጋ ነው። አውሬም ውሃ ሊጠጣ ይመጣል። እሺ በሉ ወይም እምቢ በሉ።»

ተቃርቧል ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልኩ። አቶ ሺበሺ ግን ወጉን አልቀጠሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«ደምሴ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጎጆው የማን ነው? ልጄ የምትገባው የማን ቤት ነው?»

ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አላሉ። ወደ ወንዙ አዩ።

«እዚያ ብኖር እኔ ደስ ይለኛል አልኩህ እኮ አባዬ» አለች ቅድስት። አሁን ሻርፑን ከፊቷ አንስታለች።

«ዛሬ ደስ ይልሻል። ከርሞስ?»

ያሬድ ቀና አለ። ሳያሳድጉት እንዲህ ግትር የሚሆን ልጅ የለም፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «እትዬን ብቻዋን አልተዋትም። ለዚህ ከሆነ ይቅር» አለ።

ቅድስት ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደችና መሐል ላይ ቆመች፤ በየትኛው ወገን መቆም እንዳለባት የነገራት የለም።

በሽምግልና የወንዱ አክስት አትናገርም። ግን ቀኑን ሙሉ ያልሆነ ነገር አልነበረምና ዣንጥላዬን አጠፍኩ።

«አቶ ሺበሺ፣ ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ሰው ክፍል ነው። ለክቼዋለሁ። አንድ አልጋ ከገባ ሁለተኛ አይገባም። ይህን የሚያህል ወንድ የት ላስተኛው ነው? ብቻዬን ነው የምገባው። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ከፒያሳ ሳንወጣ እነግራችሁ ነበር።»

ክፍሉን ገና አላየሁትም ነበር።

«እትዬ…» አለ ያሬድ።

«አንተ ዝም በል። አንተም እዚህ የለህም።»

አቶ ሺበሺ ትኩር ብለው አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ከድንጋያቸው ተነሡና ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ «ተቀመጡ» አሉ።

ጋሽ ደምሴ በሙሉ ልብሳቸው አሸዋው ላይ ዘፍ አሉ። ቶማስ ውሃውን እስከ ግማሽ ጨልጦ ለአሊ ሰጠው፤ አሊም ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እልል አሉ፣ ገደሉም መለሰላቸው። ቅድስት ከያሬድ አጠገብ ደረሰች። ያሬድ ግን እኔን እያየ ቆሞ ቀረ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ተብሏል እኮ።»

ተቀመጠ።

«እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ እዚህ ጋ ጥላ አለ» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቦታ እየለቀቁልኝ።

አመሰገንኳቸው። ዣንጥላዬን ዘረጋሁና ወደ መኪናው ሽቅብ ወጣሁ።